የኤምቢኤ ርዝመትም ትኩረትም እንደገና ይታይ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር
ለ፦ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን

ግልባጭ፦ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ላላቸው የመንግሥትና የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሴኔት፤ ለባንኮች፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች የሰው ሀብት ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የቢዝነስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ዕድሜ፣ ይዘትና የመመረቂያ ሥራ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

እኛ በቢዝነስ ድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች የምናስተምር፣ ሥርዓተ ትምህርት የምንቀርጽና የመመረቂያ ጽሑፍ የምንፈትን መምህራን ነን። የምንጠይቀው ባጭሩ ይህ ነው። ዛሬ በአንድ ስም፣ በአንድ ርዝመትና በአንድ ዓይነት የመመረቂያ ጽሑፍ (ቴሲስ) የሚሰጠው የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ (ኤምቢኤ) ለሁለት ይከፈል። ለሥራ መሪነት የሚዘጋጅ ተማሪ የሙሉ ቀን ከሆነ በአንድ ዓመት ገደማ፣ የማታ ከሆነ በሦስት ዓመት ይጨርስ፤ መመረቂያውም በድርጅት ውስጥ የሚሠራ ፕሮጀክት ይሁን። ማስተማርና መመራመር የሚፈልግ ደግሞ የሁለት ዓመት የምርምር ማስተርስ ይግባ፤ እሱም ከዛሬው ይጥበቅ። የማታው ይርዘም ማለታችን አንዳንዶችን ሳይገርም አይቀርም፤ ምክንያታችንን ወደ ታች እናስረዳለን።

አስቀድሞ ሒሳቡ ይሠራ። የክሬዲቱ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ይለያይ እንጂ የተለመደው አቀማመጥ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ 10 ገደማ ኮርሶችና 6 ክሬዲት የሚይዝ ቴሲስ ነው። አንድ ክሬዲት በ16 ሳምንት ሴሚስተር ውስጥ 16 የክፍል ሰዓት ነው። አንድ ኮርስ 48 ሰዓት፣ አሥሩ 480 ሰዓት ይሆናሉ ማለት ነው። የሙሉ ቀን ተማሪ በሳምንት 12 ሰዓት ክፍል ቢገባና ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት 2 ሰዓት በግሉ ቢሠራ የሳምንት ጫናው 36 ሰዓት ነው፤ ከአንድ ሠራተኛ የሥራ ሳምንት አይበልጥም። በዚህ አካሄድ 480ው ሰዓት በ40 ሳምንት ያልቃል። በሳምንት 36 ሰዓት የሚወስድ የ10 ሳምንት ፕሮጀክት ሲጨመርበት 50 ሳምንት፣ በድምሩ 1,800 የትምህርት ሰዓት ይሆናል። መቀመጫው ለንደን የሆነው ዓለም አቀፉ የኤምቢኤ ማኅበር ዕውቅና ለመስጠት የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠንም 1,800 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 500ው ከመምህር ጋር የሚሆን ሰዓት መሆን አለበት። የፕሮጀክቱ የምክክር ሰዓት ሲደመር ያንንም እናልፋለን። 50 ሳምንት ያለ ዕረፍት ከባድ ስለሆነ በመሐል ለበዓላትና ለድጋሚ ፈተና ጊዜ ተሰጥቶት 13 ወር ይያዝለት፤ ጳጉሜን ሳንቆጥር።

ታዲያ ሁለተኛው ዓመት ዛሬ የሚያልቀው በምንድን ነው? አብዛኛው በመጠበቅ ነው። ርዕስ እስኪጸድቅ፣ አማካሪ መምህር (አድቫይዘር) እስኪመደብ፣ የትብብር ደብዳቤ እስኪወጣ፣ መጠይቁ ተበትኖ እስኪሰበሰብ፣ ጽሑፉ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት የዲፌንስ ቀን እስኪቆረጥ። ተማሪው በዚህ ጊዜ ይማራል ለማለት ያስቸግራል።

ሁለት ዓመት የሚባለው ልክ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ሐርቫርድ በ1908 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤምቢኤ የሁለት ዓመት ነበር፤ አሜሪካኖቹም በዚያው ጸኑ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ክረምት ግን ባዶ አይደለም። ተማሪው ኩባንያ ገብቶ ለወራት ይሠራል፤ መሐንዲስ የነበረው ወደ ፋይናንስ፣ መምህር የነበረው ወደ ማርኬቲንግ የሚሻገረው በዚያ ክረምት ነው። ሁለተኛው ዓመት ትርጉም የሚኖረው ያ ልምምድ ስላለ ነው። ቴሲስ ደግሞ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኤምቢኤ ፕሮግራሞች የለም። ብሪታንያ በበኩሏ የመመረቂያ ጽሑፍ ታስጽፋለች፤ የማስተርሷ ዕድሜ ግን በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። እኛ ከአሜሪካ ርዝመቱን፣ ከብሪታንያ ቴሲሱን ወሰድን፤ ከአሜሪካ የክረምት ልምምዱን፣ ከብሪታንያ የአንድ ዓመት ዕድሜውን ተውን።

አንድ ዓመት አዲስ ነገር አይደለም። የፈረንሳዩ ኢንሲያድ የ10 ወር ኤምቢኤ መስጠት ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ መምህራንን ያገኘንባት ህንድ እንኳ የሁለት ዓመቱን እንደያዘች ልምድ ላላቸው የአንድ ዓመት ፕሮግራም ከፍታለች፤ ሃይደራባድ ያለው የህንድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በዚህ መልክ የጀመረው በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን የአህመዳባዱ ኢንስቲትዩትም ተከትሎታል። አሜሪካ ውስጥም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ2017፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2019 እ.ኤ.አ. የሙሉ ቀን ኤምቢኤ ፕሮግራማቸውን እንደሚያቆሙ አስታውቀው ፊታቸውን ወደሚሠራው ሰው አዙረዋል። ሁሉን እንቅዳ አንልም። የሁለት ዓመቱ ልክ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

አሁን ወደ ቴሲሱ እንምጣ፤ ትልቁ ብክነት ያለው እዚያ ነውና። ርዕሱ ሳይነበብ ይታወቃል፦ የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የእገሌ ባንክ ሁኔታ። ባንኩ 2,000 ሠራተኞች ካሉት ተማሪው ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላበትን የያማኔን ቀመር ያነሣል፤ 2,000ን በ0.05 ካሬ አባዝቶ፣ 1 ደምሮ፣ ባገኘው 6 መልሶ 2,000ን ሲያካፍል 333 ሰው ይመጣለታል። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» አምስት ደረጃ ያለው የላይከርት መጠይቅ ይበትናል። መልሱ ኤስፒኤስኤስ የተባለ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው የክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ ሲሆን መጠይቁ አስተማማኝ ነው ይባላል፤ በመንስኤውና በውጤቱ መካከል ያለውን ዝምድና የሚያሰላው ሪግሬሽን ይሠራል፤ ዝምድናው ጉልህ ለመባሉ መለኪያ የሆነው ፒ ከ0.05 በታች ይሆናል። በመጨረሻ «የባንኩ አመራር ለጉዳዩ ትኩረት ሊሰጥ ይገባል» ተብሎ ይጠረዛል።

ስሕተቱ በየደረጃው ነው። መንስኤውንም ውጤቱንም የሚመዝነው ያው አንድ ሠራተኛ፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የረካ ሰው አለቃውንም ራሱንም ከፍ አድርጎ ያከብባል፤ የተከፋው ሁለቱንም ያወርዳል። በሪግሬሽኑ ላይ ጉልህ ሆኖ የሚወጣው ዝምድና በአብዛኛው የዚህ ስሜት ዝምድና ነው። የያማኔ ቀመርም የሚሠራው ከሙሉ የስም ዝርዝር በዕጣ ሲመረጥ ብቻ ነው። መጠይቁ የደረሰው ተማሪው በሚያውቃቸው ሦስት አራት ቅርንጫፎች ላሉ ባልደረቦች ከሆነ 333 የሚለው ቁጥር ለወጉ ያህል ነው። ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ባንኩ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ተቀማጭ፣ የብድር አመላለስና የደንበኛ ወረፋ በየቀኑ እየመዘገበ ተማሪው አፈጻጸምን በአስተያየት መለካቱ ነው። ጽሑፉን ባንኩ ውስጥ ማንም አያነበውም፤ ቢያነበውም የሚያደርግበት ነገር የለም።

ቅርጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ በገንዘብ ለማስጻፍም ይመቻል። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ባሉ ምሰሶዎችና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ የሚለጠፈውን «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ያለ አይመስለንም። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምዕራፍ ሁለትን፣ ማለትም የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳውን፣ በደቂቃዎች ይጽፋል፤ የቅጂ መለያ ሶፍትዌሩም ዝም ይላል። ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን አግባብ አይደለም። አንድ መምህር 15 ተማሪ ቢይዝና እያንዳንዱን 80 ገጽ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ በወጉ ቢያነብ 3,600 ገጽ ነው፤ ይህም ከመደበኛ ክፍሉ በተጨማሪ። ስለዚህ የሚነበበው ማጠቃለያውና ሠንጠረዡ ይሆናል፤ በዲፌንስ ላይም ክርክሩ ስለ ኅዳግና ስለ ዋቢ አጻጻፍ ሆኖ ያልፋል።

ምርምርን ንቀን አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚዘጋጅ ሰው ከዚህ የጠነከረ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ሁለት የኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃ በስታትስቲክስ የሚተነተንበት) ኮርስ፣ አንድ የጥናት ንድፍ ኮርስ፣ በድርጅት መዝገብ ወይም በብሔራዊ የዳሰሳ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ። ዛሬ ይህ ሰውና የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መሆን የሚፈልገው ሰው አንድ ዓይነት ቴሲስ ይጽፋሉ፤ አንዱም የሚበቃውን ሳያገኝ ይመረቃል።

ይዘቱ ላይ ብንመጣ ችግሩ የሚታየው በኮርስ ዝርዝር አይደለም፤ የኮርሶቹ ስሞች ከማንም አገር አያንሱም። ችግሩ በኮርሶቹ መካከል ያለው ነገር ባለቤት ማጣቱ ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እናሳይ። አንድ አስመጪ በ100,000 ዶላር ያስገባው ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ አለ። የገዛው ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዋጋው 5.7 ሚሊዮን ብር። እንደልማዱ 30 በመቶ ጨምሮ በ7.41 ሚሊዮን ብር ሸጠው፤ ሌላ ወጪ የለበትም እንበል። ሒሳብ መዝገቡ 1.71 ሚሊዮን ብር ትርፍ ያሳያል። 30 በመቶ የትርፍ ግብር 513,000 ብር ከፈለ፤ እጁ ላይ 6,897,000 ብር ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቋል፤ በወራት ውስጥ ዶላር 120 ብር አለፈ። በ120 ብር ሒሳብ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው 57,475 ዶላር ብቻ ነው። ነጋዴው አትርፎ፣ ግብር ከፍሎ፣ ድርጅቱ ግን በግማሽ ሊቀር ምንም አልቀረው።

ይህን የትኛው ኮርስ ያስተምራል? አካውንቲንግ በታሪካዊ ዋጋ መመዝገብን ያስተምራል፤ ትክክል ነው። ፋይናንስ ስለ ካፒታል ወጪ ያስተምራል፤ ቁጥሮቹ ግን ከኒውዮርክ ገበያ የተወሰዱ ናቸው። ማክሮ ኢኮኖሚክስ ስለ ተመን ሥርዓት ይናገራል። ማርኬቲንግ ዋጋ ስለ መተመን ያስተምራል። የመተኪያ ዋጋን አስልቶ፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የሚከፈትበትን ቀን አይቶ፣ ደንበኛን ሳያስቀይም ዋጋን በየደረጃው የሚያስተካክል ሰው ግን ከአራቱም ክፍል አይወጣም። ቡና ላኪዎች ለዓመታት ሆን ብለው በኪሳራ ይልኩ የነበረውም እንዲሁ ነው፤ ኪሳራውን በሚያገኙት ዶላር በሚያስመጡት ዕቃ ላይ ያካክሱት ነበር። የውጭ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ተመራቂ ይህን እብደት ይለዋል። ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ ያ ስሌት እንዴት እንደተለወጠ ማስላት ደግሞ አንድ ሙሉ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

የካፒታል ገበያውም በር ላይ ነው። አዋጁ የወጣው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በዚያው ሰሞን ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። 300 ብር በምን ስሌት ተገኘ? ገዢ ለምን አነሰ? ዋጋው ነው፣ መረጃው ነው፣ ወይስ መልሶ መሸጫ ገበያ ገና አለመኖሩ? ይህን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከነሒሳቡ የሚያፍታታ ክፍል ከአንድ ሴሚስተር የውጭ ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። የ2006ቱ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ያመጣው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ)፣ የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ የውጭ ባንኮችን ያስገባው የ2017ቱ የባንክ ሥራ አዋጅ፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ በኤምቢኤ ክፍል የሚነገሩት መምህሩ በግሉ ካነበባቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከ10ሩ ኮርሶች ቢያንስ 3ቱ በጉዳይ ዙሪያ የተዋቀሩ፣ ሁለት መምህራን አብረው የሚሰጧቸው ይሁኑ፤ አንዱ የማስመጣትና የመላክ ንግድ ገንዘብ አያያዝ፣ ሁለተኛው የቤተሰብ ድርጅትን ወደ አክሲዮን ማኅበር ማሸጋገር፣ ሦስተኛው ከግብር እስከ ኦዲት ያለው የተቆጣጣሪዎች ግንኙነት። ቦታ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። በማኔጅመንት ወይም በአካውንቲንግ የተመረቀ ተማሪ ዛሬ የማኔጅመንት መግቢያ፣ አካውንቲንግ ለሥራ መሪዎች፣ ኢኮኖሚክስና ስታትስቲክስ እንደገና ይማራል። 4 ኮርስ፣ 192 ሰዓት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው መሐንዲስ ወይም ሐኪም ግን እነዚህኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ ለሁለቱ ሲል መሐል ላይ ያስተምራል፤ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው አይደርስበትም።

አራቱ ከዋናው ፕሮግራም ወጥተው የ8 ሳምንት ድልድይ ኮርስ ይሁኑ። ከድልድዩ ነፃ የሚደረገው ግን ትራንስክሪፕት አሳይቶ መሆን የለበትም። የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ የገንዘብ ፍሰት መግለጫ መሥራት የማይችል ተማሪ አለ፤ በራሱ ንግድ ተምሮ የሚችልም አለ። ሁሉም በኤክሴል ላይ የሚሠራ የሦስት ሰዓት ተግባራዊ ፈተና ይውሰድ፤ 70 ያመጣ ይለፍ፤ ያላመጣ ድልድዩን ይግባ።

መግቢያው ላይም ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ የማሰብ ችሎታን ይለካል እንጂ ሰው መርቶ፣ በጀት ይዞ፣ ዕቃ ጎድሎበት ስለማወቁ አይናገርም። ለሙያዊው ኤምቢኤ፣ ማለትም ለሥራ መሪነት ለሚያዘጋጀው፣ ቢያንስ 3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቅ። የአንድ ዓመቱ ፕሮግራም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ልምድ የሌለው ክፍል ስለ ሠራተኛ ማባረር ሲወያይ የሚደርሰው ከመጽሐፉ አያልፍም። የልምድ ደብዳቤ በቀላሉ እንደሚጻፍ ስለምናውቅ ማስረጃው የጡረታ መዋጮ መግለጫ ይሁን፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ መረጃው አለ። በግሉ የሚነግድ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ ያቅርብ። ሥራ ስላጣ ብቻ ማስተርስ ለመቀጠል የሚመጣውን አዲስ ተመራቂ ግን በር መዝጋት አይገባም። ለእሱ የሚስማማው በአንድ ሙያ ላይ ያተኮረ ማስተርስ ነው፤ የኦዲት፣ የሎጂስቲክስ፣ የመረጃ ትንተና።

የማታው ለምን ይርዘም? ዛሬ የማታ ተማሪ በሴሚስተር 3 ኮርስ ይወስዳል። 9 የክፍል ሰዓትና 18 የግል ጥናት ሰዓት፣ በድምሩ 27 ሰዓት በሳምንት፣ ከሥራው በላይ ነው። አይሠራም፤ የሚቀረው ደግሞ የግል ጥናቱ ነው። በዚያ ላይ የ3 ሰዓቱ ክፍል በታክሲ ሰልፍ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢጀምርና 20 ደቂቃ ቀድሞ ቢለቀቅ በ16 ሳምንት ከ13 ሰዓት በላይ ይጠፋል፤ ከ48ቱ 35 እንኳ አይደርስም። በተከታታይ አራት ቅዳሜና እሑድ የሚያልቀው የብሎክ ኮርስ ከዚህም ይብሳል፤ ሰዓቱ ይሞላል፣ ግን በመሐል የተማሩትን መሥሪያ ቤት ወስዶ የሚሞክሩበት ጊዜ የለም። 2 ኮርስ በሴሚስተር ቢሆን ጫናው 18 ሰዓት ይሆናል፤ 10ሩ ኮርሶች በ5 ሴሚስተር፣ ፕሮጀክቱ በ6ኛው ያልቃሉ፤ በዓመት ሁለት ሴሚስተር ከሆነ ሦስት ዓመት ነው። በሥራ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ መማር ማዕረግ አይቀንስም፤ አቶ መለስ ዜናዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ ያገኙት አገር እየመሩ በርቀት ተምረው ነው።

ፕሮጀክቱ እንዴት ይሠራ የሚለው ላይ በቂ ዝርዝር ካልተቀመጠ ነገ ሌላ ስም ያለው ቴሲስ ይሆናል። ከ3 እስከ 4 ተማሪዎች አንድ ቡድን ይሁኑ። ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ድርጅቱ፣ ቡድኑና መምህሩ አንድ ገጽ የችግር ስምምነት ይፈርሙ፤ ችግሩ በቁጥር የሚለካ መሆን አለበት። «የሠራተኛ ተነሣሽነት» አይሆንም። «ከጅቡቲ ወደብ እስከ መጋዘን ዕቃው የሚቆይበት ቀን» ይሆናል፤ «ከ90 ቀን በላይ ያልተሰበሰበ ዱቤ» ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት መረጃ ለማሰባሰብና ለመፈተሽ፣ ቀጣዮቹ 4 ለትንተናና ለሙከራ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ለሪፖርትና ለአቀራረብ ይመደቡ። ሪፖርቱ ከ25 ገጽ አይብለጥ፤ በተጨማሪ ድርጅቱ በሚሠራበት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ፣ ሁለት ገጽ የውሳኔ ማስታወሻ ይጻፍ። ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሮ ለቦርድ የሚቀርብ ሁለት ገጽ ማስታወሻ መጻፍ የሚቸግረው ተመራቂ ብዙ ነው።

ነጥቡ 60 በመቶ ለቡድኑ፣ 40 በመቶ ለግለሰቡ ይሁን። የግለሰቡ ከየሳምንቱ የሥራ መዝገብና ከ20 ደቂቃ የቃል ፈተና ይምጣ፤ ፈታኙም የኤክሴል ፋይሉን ከፍቶ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ይበል። በገንዘብ ያስጻፈ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሚያስቸግረው መረጃው ነው። ድርጅቶች አንድም ግብርን፣ አንድም ተፎካካሪን ፈርተው መዝገብ አይከፍቱም። ሚስጥር የመጠበቅ ውል ይፈረም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ድርጅቱ ብቻ በሚያውቀው አንድ ብዜት ተባዝተው ይሰጡ። ምጣኔዎቹ አይለወጡም፣ ትክክለኛው መጠን ግን አይታወቅም። ሁለተኛው ችግር ተማሪዎቹን ነፃ ጸሐፊ አድርጎ የፋይል ክፍል ማስቀመጥ ነው፤ የችግር ስምምነቱ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ በአካል ሄዶ ይይ። ሦስተኛው፣ ተማሪው የራሱን መሥሪያ ቤት ይዞ ሲመጣ አለቃው ገምጋሚ እንዳይሆን ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ትልቅ ድርጅት የለም ለሚለው፣ የገበሬ ማኅበራት ዩኒየን፣ ማይክሮፋይናንስ፣ የከተማ ውኃ አገልግሎት፣ ሆስፒታል በየቦታው አለ። የመድኃኒት ክምችት ያለቀበት ሆስፒታል ለኦፕሬሽንስ ተማሪ ከባንክ የተሻለ ክፍል ነው።

ተቃውሞው ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። አንደኛው «አንድ ዓመት ማስተርስ ይባላል?» የሚለው ነው። ከብሪታንያ በአንድ ዓመት ተምሮ የመጣው ማስተርስ ይባላል፤ የአገር ውስጡ በ1,800 ሰዓት ሲማር የማይባልበት ምክንያት አይታየንም። ሁለተኛው የደረጃ ዕድገት ነው። የሥራ መደቦች «ሁለተኛ ዲግሪ» ብለው ስለሚጠይቁ ብዙ ሰው ለወረቀቷ ሲል ይመዘገባል። ሙያዊው ዲግሪ ለሥራ መደብ ሙሉ ዋጋ ይኑረው፤ በዩኒቨርሲቲ ለመቀጠር ግን ብቻውን አይብቃ፤ ማስተማር የፈለገ ሦስቱን የምርምር ኮርሶችና ጽሑፉን ያሟላ። ሦስተኛው፣ ጮክ ተብሎ የማይነገረው፣ ገንዘብ ነው። የኤክስቴንሽን ገቢ ለብዙ ኮሌጆች የጀርባ አጥንት ነው፤ የማማከር ክፍያም ለመምህሩ የቤት ኪራይ ነው። ክፍያው በሴሚስተር መሆኑ ቀርቶ በክሬዲት ቢሆን ዩኒቨርሲቲው አይጎዳም፤ ድልድዩም የራሱ ክፍያ አለው። 60 ቴሲስ 15 ፕሮጀክት ሲሆን ግን መምህሩ 45 ክፍያ ያጣል። ለአንድ ቡድን የሚከፈለው ቢያንስ ሦስት ቴሲስ ያህል ካልሆነ ይህ ማሻሻያ በትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ ይሞታል፤ እኛም አንደነቅም።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ የቢዝነስ ማስተርስን ሲመዝን በዓመት ፋንታ በትምህርት ሰዓት እንዲለካና ሁለቱን ፕሮግራሞች በተለያየ ስም እንዲመዘግብ እንጠይቃለን። ሚኒስቴሩ ቢያንስ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ በሆነ አራት ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለት ዙር ተማሪዎች ሙከራ ያስጀምር። በየክፍሉ ከ40 ተማሪ አይብለጥ። የሚለካውም ስንት ተመረቁ የሚለው አይሁን፤ ከተጠናቀቁት ፕሮጀክቶች ስንቱን ድርጅቱ ከ6 ወር በኋላ እየተጠቀመበት እንደሆነ፣ ስንት ተማሪ በቃል ፈተናው እንደወደቀ፣ የማታ ተማሪዎች ስንት በመቶ እንዳቋረጡ ይሁን፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይውጣ።

አሁን በትምህርት ላይ ያሉትን በተመለከተ፣ ኮርሶቻቸውን ጨርሰው ቴሲስ ላይ የቆሙ ተማሪዎች ፕሮፖዛላቸው ካልጸደቀ ወደ ፕሮጀክት የመዛወር ምርጫ ይሰጣቸው፤ የጸደቀላቸው በጀመሩት ይጨርሱ። ዝውውሩ ተጨማሪ የምዝገባ ክፍያ እንዳይኖረው፣ ሪጅስትራሮችም ከመስከረም ምዝገባ በፊት መመሪያው እንዲደርሳቸው እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በቢዝነስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የምንሠራ መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች